ከሳቁ በፊት የነበረው

ኑኃሚን የራሷን ሳቅ ከግድግዳው ማዶ ሰማችው። ገላዋን ታጥባ፣ ፎጣ እንደጠመጠመች ከመታጠቢያው እየወጣች ነበር። ሳቁ የእሷ መሆኑን ለመለየት ትንሽ ቆየች፤ ሰው የራሱን ድምፅ ከሌላ ክፍል መስማት አልለመደም። ከእሷ ሳቅ በኋላ የብዙ ሴቶች ሳቅ ተከተለ፣ ጸጥ አለ፣ ከዚያ ያው ሳቅ እንደገና ከመጀመሪያው ተነሳ። ታናሽ እህቷ ዲና በእንግዳ ክፍሉ ውስጥ ላፕቶፗን ከፍታ እየመለሰች ታጫውተዋለች። በስልክም ከሰው ጋር ታወራለች። «አዎ፣ ይቺኛዋ ቪዲዮ ናት። ፊታቸውን ሸፍኜዋለሁ። ‹መደረግ የሌለበት› ከሚለው ርዕስ ቀጥሎ እናስገባታለን» አለች። ትንሽ አዳመጠችና ደግሞ፣ «አይ፣ አታውቅም። ብታውቅም ምንም አትልም፤ እህቴ ናት» ብላ ሳቀች።

ኑኃሚን ከፀጉሯ የሚንጠባጠበው ውኃ ሲሚንቶው ላይ እስኪጠራቀም ድረስ እዚያው ቆመች። ዲና ከአዲስ አበባ የመጣችው ለሥራ ነው። ጎልማሶችን ሒሳብ የሚያስተምሩ የከተማው አመቻቾች ዛሬ ከዚራ ሰፈር በሚገኝ አንድ አዳራሽ ስልጠና አላቸው፤ ዲና አሰልጣኝ ናት፣ ኑኃሚን ደግሞ ከሰልጣኞቹ አንዷ። በበጋው ዲና ለእረፍት መጥታ በነበረ ጊዜ ደቻቱ ወንዝ አጠገብ ወዳለው የቀበሌ አዳራሽ ኑኃሚንን ተከትላ ሄዳ፣ ስታስተምር ክፍሏን በስልኳ ቀርፃ ነበር። «ለጥናቴ ነው፤ ከእኔ በቀር ማንም አያየውም» ነው ያለችው። ተማሪዎቹ ሴቶች ናቸው፤ መጀመሪያ እሺ አላሉም ነበር። ገሚሶቹ የት እንደሚውሉ ለባሎቻቸው እንኳ አልነገሩም። ኑኃሚን ናት አንድ በአንድ የለመነቻቸው። ከሁሉም መጨረሻ እሺ ያለችው ታይዋን በሚባለው ገበያ ሺቲ የሚሉትን ሰፊ የሴት ቀሚስና ሽርጥ የምትሸጠው ፋዱማ ነበረች፤ «አንቺን ብዬ ነው» ብላ ሻሿን አስተካክላ የፊት ወንበር ላይ ተቀመጠች።

ቁርስ ላይ አባታቸው አቶ ወልደ ማርያም ከማዕዘኑ ሱቅ ያስመጣውን ፉል በዳቦ እየጠረገ ስለ ፉሉ ያማርር ነበር። ዋጋው በወር ውስጥ ሁለቴ ጨምሯል፣ ሳህኑ ግን እያነሰ ሄዷል፤ እሱ ባቡር ድርጅት ይሠራ በነበረበት ዘመን በዚህ ዋጋ ቤተሰብ ሙሉ ቁርስ ይበላ ነበር። ማማረሩ ግን ዛሬ ከልቡ አይደለም። አንዴ ወደ ትንሿ ልጁ፣ አንዴ ወደ ትልቋ ያያል፤ አንዷ ልታሰለጥን ሌላዋ ልትሰለጥን ከአንድ ቤት ሲወጡ ማየት ደስ ብሎታል። ኑኃሚን ሻሂውን ቀዳችና ቀና ሳትል፣ «ዛሬ ምን ምን ታሳዪናለሽ?» አለች። ዲና ዳቦዋን ቆረሰች። «ያው፣ የተለያየ ነገር ነው። ጽንሰ ሐሳብ፣ የቡድን ሥራ፣ ትንሽ ቪዲዮ።» «የምን ቪዲዮ?» «ከውጭ የመጣ ነው፤ የህንድ ይመስለኛል» አለች ዲና፤ አይኗን ከስልኳ አላነሳችም። ኑኃሚን አሁን ብትናገር ምን እንደምትል ታውቅ ነበር፤ ነገር ግን አባቷ ደስ ብሎት ፉል እየበላ ነው። የሻሂ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። በባጃጅ ከዚራ ደረሱ። ዲና ሂሳቡን ከፍላ፣ ሹፌሩ መልስ የለኝም ሲላት «ተወው» ብላ ቀድማ ገባች።

አዳራሹ በጠዋቱ ሞቋል። ጣሪያው ላይ ያሉት ማራገቢያዎች ቢዞሩም ወረቀት ከማንቀሳቀስ ያለፈ ነገር አልሠሩም። ሰልጣኞቹ በየተራ ተነስተው ስማቸውን ተናገሩ፤ ከሳቢያን የመጣ አለ፣ ከገንደ ቆሬ፣ ከዋሂል ድረስ በሌሊት ተሳፍሮ የመጣም አለ። ከበሩ አጠገብ ቡናማ ሂጃብ ያደረገች ቀጭን ወጣት ተነሳች። «አያን ዐብዲቃድር እባላለሁ። ሥራውን ገና መጀመሬ ነው። እናቴ ታይዋን ነጋዴ ናት፤ ሒሳብ እንድወድ ያደረገችኝ እሷ ናት» ስትል ሰው ፈገግ አለላት። ኑኃሚን ግን ልጅቷ የማን እንደሆነች አወቀች። ፋዱማ ስለዚህች ልጅ ስንት ጊዜ አውርታላታለች! ፋዱማ ባሏ ከሞተ በኋላ ልጆቿን ብቻዋን ነው ያሳደገችው። ብሩን በመልኩ ለይታ፣ ሒሳቡን በቃሏ ይዛ ሱቅ ታስተዳድራለች፤ የተጻፈ ቁጥር ግን አታውቅም። ልጆቿ ይህን አያውቁም። ትንንሽ ሳሉ የሒሳብ ደብተራቸውን እያገላበጠች፣ ፊታቸውን አይታ «ይሄ ልክ ነው፣ ይሄን ድገሚው» ትላቸው ነበር፤ የትኛው እንዳልገባቸው የምታውቀው ከፊታቸው ነበር። ደንበኞቿ በስልክ መክፈል ከጀመሩ ወዲህ ነው የተቸገረችው። ሰው ሁሉ ስልኩን ዘርግቶ «ልኬልሻለሁ፣ ይኸው» ይላታል፤ እሷም እንዳየች ሆና ራሷን ትነቀንቃለች። ማክሰኞና ቅዳሜ አክስቴ ጋ ነኝ እያለች ወደ ቀበሌው አዳራሽ የምትመጣው ለዚህ ነበር።

ዲና ስልጠናውን ጀመረች። ጥሩ ትናገራለች፤ እጇን የምታንቀሳቅሰው፣ ሰው በስሙ የምትጠራው ሁሉ ደስ ይላል። ከቦርሳዋ ረጅም የጨርቅ ቁራጭ አውጥታ ዘረጋችው። «ለጎልማሳ ክፍልፋይን ከሰሌዳ አትጀምሩለት» አለች። «እጁ ከሚያውቀው ጀምሩ። ጨርቅ ሻጭ ከሆነች ጨርቅ ስጧት። እጠፊው በሏት፤ ግማሽ ሆነ። ደግመሽ እጠፊው በሏት፤ ሩብ ሆነ። ስሙን የምትነግሯት እጇ ከጨረሰ በኋላ ነው።» ሰልጣኞቹ ጻፉ። ከዋሂል የመጣው ሰው «እሰይ!» አለ፣ ተጨበጨበ። ኑኃሚንም አጨበጨበች፤ ሌላ የምታደርገው ነገር ጠፋት። ጨርቁን ማጠፍ የጀመረችው እሷ ናት፤ ለዲናም በስልክ የነገረቻት እሷ ናት፤ «ስሙን የምነግራቸው እጃቸው ከጨረሰ በኋላ ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሳይቀር የእሷ ነው። ዲና «ይህን ከአንድ መምህርት ነው ያገኘሁት» ትላለች ብላ ጠበቀች። ዲና ጨርቁን አጣጥፋ ወደሚቀጥለው አለፈች። ይሁን፣ አለች ኑኃሚን በሆዷ፤ የሚጠቅም ነገር በማንም አፍ ይነገር። ይህን ያህል መዋጥ ትችላለች።

በሻይ እረፍቱ ሰው ሁሉ ወደ ሳምቡሳው ሲሄድ ኑኃሚን ወደ መድረኩ ወጣች። ዲና ገመድ እየሰካካች ነበር። «ጠዋት ሰምቼሻለሁ» አለቻት። የዲና እጅ ቆመ። «ስለ እኔ አይደለም የምለምንሽ። እኔን ተዪኝ። ከበሩ አጠገብ ያለችው ልጅ፣ አያን፣ የፋዱማ ልጅ ናት። እናቷ እንደምትማር አታውቅም። እባክሽ ዲኒ፣ አታሳዪው።» ዲና ወደ በሩ አየች፣ ከዚያ ሰዓቷን አየች። «ፊቷ ተሸፍኗል። ስሟንም አጥፍቼዋለሁ። ማን ያውቃታል?» «ድምፅ አላት እኮ!» «ኑኃሚን፣ ፕሮግራሙ በሙሉ በዚህ ቪዲዮ ላይ ነው የተሠራው። የከሰዓቱ የቡድን ሥራ ሁሉ ከእሱ ነው የሚነሳው። አሁን ምን ልላቸው ነው?» «ተበላሸ በያቸው።» ዲና የእህቷን ክንድ ያዝ አድርጋ ለቀቀች። «እሺ፣ አያለሁ» አለች። ኑኃሚን አመነቻት። ወንበሯ ላይ ተመልሳ ስትቀመጥ እፎይ ብላ ሳምቡሳዋን በላች።

መብራቱ ጠፋ፣ መጋረጃው ተጋረደ። በግድግዳው ላይ የቀበሌው አዳራሽ ብቅ አለ፤ አረንጓዴው ቀለም፣ የተሰነጠቀው ሰሌዳ፣ ፊታቸው የጉም ክምር የሆነ ሴቶች። የኑኃሚን እጅ ስድስት ቁጥርን ጻፈ። «ይቺ ማን ናት?» አለ የኑኃሚን ድምፅ። «ዘጠኝ» አለ የፋዱማ ድምፅ፣ ወፍራም፣ ትንሽ ሻከር ያለ፣ ገበያው ሁሉ የሚያውቀው። «ኧረ! ደግመሽ እያት እስቲ!» አለ የኑኃሚን ድምፅ። «ወላሂ ጠፋብኝ» አለች ፋዱማ፤ ሳቅ ፈነዳ፤ ቀድሞ የሚሰማው የመምህርቷ ሳቅ ነበር። እዚያ ላይ ምስሉ ቆመ። የዚያን ቀን የሆነው ግን እንዲህ አልነበረም። ከዚያ በፊት ፋዱማ ራሷ ናት ለክፍሉ የቁጥሮቹን መለያ ያወጣችው፤ ስድስት ሆዷ የገፋ እርጉዝ ናት፣ ዘጠኝ ደግሞ ዕቃ በአናቷ የተሸከመች ናት ብላ። ተሳስታ «ደግመሽ እያት» ስትባል «ወላሂ ጠፋብኝ» አለች፣ ቀጥላም እጇን አጨብጭባ «ለካ ወልዳ ወደ ገበያ ሄዳለች!» አለች። የሳቁት በዚህ ነው፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችውም ራሷ ፋዱማ ናት። ዲና ቀልዱን ቆርጣ አውጥታ ሳቁን ብቻ አቆይታለች።

«ምን ስህተት አያችሁ?» አለች ዲና። መጀመሪያ እጁን ያነሳው ሰይፈ ሚካኤል ነው። እሱ በዚያው ቀበሌ፣ ከኑኃሚን ክፍል ቀጥሎ ባለው ክፍል ያስተምራል፤ ሳቋን በግድግዳ በኩል ስንት ወር ሰምቶታል። ብዕሩን እያየ፣ «መምህርቷ ተማሪዋን አሸማቃለች» አለ። ሌላዋ «በሰው ፊት አሳቀችባት» አለች። ሌላው «እንዲህ ስለሚደረግ ነው ጎልማሶች የሚያቋርጡት» አለ። ዲና በሰማያዊ ማርከር ‹ማሸማቀቅ› ብላ በትልቁ ጻፈች። ኑኃሚን መቼ እንደተነሳች አላወቀችም። «መምህርቷ እኔ ነኝ» አለች። ሰው ዞረ። «ከሳቁ በፊት የነበረውን ለምን ቆረጥሽው? እሱንም አሳዪያቸው።» ዲና ፊቷ ቀላ። ከዚያ በዚያ ደስ በሚል ድምፅዋ፣ «ኑኃሚንን እናመሰግናለን» አለች። «ራስን ለአስተያየት ክፍት ማድረግ የሙያ እድገት ትልቁ ክፍል ነው። ይህ ድፍረት ይጠይቃል።» ከኋላ አንድ ሁለት ሰው አጨበጨበ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጭብጨባው ሳያልቅ አያን ቦርሳዋን አንስታ ወጣች።

ኑኃሚን ግቢው ውስጥ ደረሰችባት። አያን ከጥላው ወጥታ ፀሐይ ላይ ቆማለች፣ ሂጃቧን አፏ ላይ ይዛ። «እናቴ ናት» አለች፤ ጥያቄ አልነበረም። «ናት።» «አክስቴ ጋ ነኝ ትለን ነበር።» ቀጥላም፣ «ደብተሬን ታርምልኝ ነበር እኮ። ‹ይሄን ድገሚው› ስትለኝ ሁሌ ልክ ነበረች» አለች። ኑኃሚን ቪዲዮው ውስጥ የሌለውን ልትነግራት ጀመረች፤ እርጉዟን፣ ዕቃ የተሸከመችውን። አያን ግን እጇን አነሳች። «አንቺ ነሽ የሳቅሽው፤ ሰምቼሻለሁ። ለእናቴ እኔ አልነግራትም፤ እንዳየሁ እንድታውቅ አልፈልግም» አለችና ወደ መንገዱ ሄደች። ኑኃሚን ግን አዳራሹ ውስጥ ያለውን ሰው አሰበች፤ ግማሹ ታይዋን ነው የሚገበያየው። ፋዱማ ከማንም ከመስማቷ በፊት ከእሷ መስማት አለባት።

ታይዋን በቅዳሜው ሰው ተጨናንቋል። ስልክ፣ ሽቶ፣ ጫማ፣ ብርድ ልብስ፤ ሻጩ በሶማልኛ ይጀምርና በአማርኛ ዋጋ ጠርቶ በኦሮምኛ ይምላል። ፋዱማ በተንጠለጠሉት ሺቲዎች መካከል በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ ራሷን በካርቶን ታራግባለች። ኑኃሚንን ስታያት ደስ አላት። «አባዮ፣ እህቴ! ስልጠና አይደለሽም? ነይ ግቢ፣ ፀሐዩ ይገድልሻል» ብላ ውኃ አቀበለቻት። ኑኃሚን ውኃውን እንደያዘች፣ ሳትቀመጥ ነገረቻት። ምንም አላስቀረችም፤ ልጅቷ «አልነግራትም» ያለችውን ሳይቀር። ፋዱማ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አንዲት ሴት ሺቲ ነካክታ ዋጋ ጠየቀች፤ ፋዱማ ዋጋውን ነገረቻት፣ ሴቲቱ «ውድ ነው» ብላ ሄደች። ፋዱማ አልጠራቻትም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን እስከ ማዕዘኑ ትጠራት ነበር።

«ልጄ ሳቀች?» አለች።

«አልሳቀችም። ወጥታ ሄደች።»

«ሌሎቹስ?»

«ማንም አልሳቀም። እኔን ነው የወቀሱት።»

ፋዱማ ራሷን ነቀነቀች። «እህትሽን እኔ አላውቃትም። ስትቀርጽ ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም። አንቺን ነው የማውቀው። እሺ ያልኩት አንቺን ነው።» ድምፅዋ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። «ለልጄ እኔው እነግራታለሁ። እሷ እንዳላየች ሆና፣ እኔ እንዳልሰማሁ ሆኜ በአንድ ቤት አንኖርም። አንቺ አሁን ሂጂ፣ ደንበኛ አለብኝ» አለች። ከሱቁ ፊት ማንም አልነበረም። ኑኃሚን ውኃውን ሳትጠጣው አስቀመጠችና ሄደች።

ስትዞር ውላ አመሻሹ ላይ ቤት ስትደርስ ዲና ስልጠናውን ጨርሳ ከእሷ ቀድማ ገብታ ሻንጣዋን ሳሎን አውጥታለች፤ ነገ በጠዋት ለቀጣዩ ስልጠና ወደ ጅግጅጋ ትሄዳለች። ከፕላስቲክ ማኅደር ውስጥ ሰርተፊኬት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ጥለሽ ብትወጪም ፈርሜልሻለሁ። ያለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ውል አይሰጡሽም» አለች፤ ዕርቅ መሆኑ ነው። ኑኃሚን አልነካችውም። «እሺ፣ አያለሁ ብለሽኝ ነበር» አለች። «አየሁ። አልተቻለም።» «ነገ ከመሄድሽ በፊት ታይዋን ሄደሽ ፋዱማን ይቅርታ ትጠይቂያለሽ። ቪዲዮውንም ታጠፊዋለሽ።» ዲና ሻንጣዋ ላይ ተቀመጠች። ደክሟታል፤ ሜካፑ በላብ ወርዶ የድሮዋን ትንሽ ልጅ መስላለች። «ተልኳል እኮ» አለች። «ጅግጅጋም ሐረርም ያሉት አሰልጣኞች አላቸው። ምን ላድርግ? የመጥፎ ትምህርት ናሙና አምጪ ተባልኩ። ስንት መምህር ለመንኩ፤ ማንም ክፍሉን አልከፈተልኝም። እሺ ያልሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ።»

በዚህ መሐል አባታቸው ከግቢ ገባ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን አይቶ መነጽሩን ከኪሱ አወጣ፤ ጮክ ብሎ፣ ፊደል በፊደል አነበበው። መሐል ላይ የትልቋ ልጁ ስም፣ ከታች የትንሿ ልጁ ፊርማ። «ሁለቱም ልጆቼ በአንድ ወረቀት ላይ!» አለ። «ይህማ መስታወት ይገባለታል። የት ልስቀለው?» ዲና ወደ እህቷ አየች፤ አይኗ ይለምናል። ኑኃሚን ነጠላዋን ከወንበሩ አነሳች። የቅዳሜ ተማሪዎቿ የሚሰበሰቡበት ሰዓት ደርሷል። «ለምን እንደማይሰቀል ዲና ትንገርህ፣ አባዬ» ብላ ወጣች። የግቢውን በር ስትከፍት የዲና ድምፅ ተከተላት። «ምንም አይደል፣ አባዬ። ሙቀቱ ነው፤ ደክሟት ነው።» ኑኃሚን ተመልሳ ገባች። ወረቀቱን ከአባቷ እጅ ቀስ ብላ ወስዳ በዲና ጭን ላይ አኖረችው። «አልደከመኝም» አለች። «ስመለስ ሁሉንም እነግርሃለሁ። ከእኔ በፊት ብትነግርህ ግን ለእሷ ይሻላታል።»

በቀበሌው አዳራሽ ሴቶቹ ቦታቸውን ይዘው ነበር። ከፋብሪካው ፈረቃ በቀጥታ የመጡት ገና የሥራ ልብሳቸውን አላወለቁም። የፊት ወንበሩ ባዶ ነው። አንዷ «ፋዱማ ዛሬ የት ቀረች?» አለች። ኑኃሚን ቾክ አላነሳችም። ጀርባዋን ለሰሌዳው ሰጥታ ቆመችና ቪዲዮው የት እንዳለ፣ ማን ማን እንዳየው፣ ወደየት እንደተላከ፣ ምኑ እንደተቆረጠ ነገረቻቸው። «ማንም አያየውም ብዬ የለመንኳችሁ እኔ ነኝ» አለች። «እህቴን አምኜ ነው።» ከኋላ አንዲት ሴት ልጇን አዝላ፣ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች። ሌሎቹ ወደ ትልቋ፣ ወደ እትዬ ማዘንጊያ ተመለከቱ። እትዬ ማዘንጊያ በኢንዱስትሪ ፓርኩ የጽዳት ሠራተኛ ናቸው፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንድም ትምህርት አልቀሩም። እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉና ቀና ብለው አዩዋት።

«እሷስ እህትሽ ናት፣ ልጄ» አሉ። «ብትበድልሽም ነገ ትታረቂያታለሽ። እኛ ምንሽ ነን?»

ኑኃሚን ከሰሌዳው ተነጥላ ወደ እነሱ ቀረበች። ሴቶቹ መልሱን ይጠብቃሉ፤ ማንም አልተነሳም፣ ማንም ደብተሩን አልገለጠም።